የአያታችን ናምቡ እና የጥይቱ ነገር

ሰው «ባለ 8 ሚሊሜትር መሣሪያ አለኝ፣ ጥይት የት ላግኝ?» ሲላችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም። ጀርመን የራሷ 8 ሚሊሜትር አላት። ፈረንሳይ አንድ የጠመንጃ፣ አንድ ደግሞ የሪቮልቨር 8 ሚሊሜትር ነበራት። ጃፓንም የራሷ አላት። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ጥይቶቹ ግን አይተዋወቁም።

ይህን ያወቅኩት በአማቴ ምክንያት ነው። የምኖረው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት። አያቷ ማሪን (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደር) ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1945 የጃፓን ደሴት ኦኪናዋ ላይ ተዋግተው ሲመለሱ አንድ የጃፓን ሽጉጥ ይዘው መጡ። ሽጉጡ ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ ተኛ። ከዚያ ወደ አማቴ ዞረ። አማቴ ደግሞ ባለፈው ዓመት ለእኔ ሰጡኝ። ሁለታችንም ኦሃዮ ስለምንኖር የርክክቡ ነገር ብዙ አላስቸገረም። ችግሩ የመጣው አብሮ በተሰጠኝ ትእዛዝ ነው።

«ይሄ ነገር ሲተኮስ ሰምቼው አላውቅም» አሉ። «አባቴ ማንንም አያስነካም ነበር። አንተ ጥይት ፈልግለት።»

አማትን እምቢ ማለት የሚችል ጀግና ካለ ይምጣ።

መጀመሪያ በእጄ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ጃፓኖች ሥራቸውን ሲጽፉ ደግ ናቸው፤ ሁሉም ነገር ብረቱ ላይ አለ። በግራ በኩል የዓይነቱ ስም በጃፓንኛ ተቀርጿል። ዓይነት 14 ማለት ነው። 14 የተባለው በንጉሠ ነገሥት ታይሾ 14ኛ ዓመት ስለተቀበሉት ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1925። በቀኝ በኩል ተከታታይ ቁጥሩ አለ። ከሥሩ የተሠራበት ቀን ይከተላል። የእኔ 18.6 ይላል። ይህ የሸዋ ዘመን 18ኛ ዓመት፣ 6ኛ ወር ነው። 1925 ስትደምሩበት ሰኔ 1943 ይሆናል። (ሸዋ ስል የጃፓኑን ንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው እንጂ የእኛን ሸዋ አይደለም። ባለቤቴ ላይ ይህን ቀልድ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አልሳቀችም።)

ንድፉ የጃፓናዊው መሣሪያ ነዳፊ የኪጂሮ ናምቡ ነው፤ ሽጉጡንም ጥይቱንም ሰው ሁሉ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። የእኔው ምላጩን የሚከብበው ቀለበት ትልቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠባብ ነበሩ። ማንቹሪያ ብርድ ላይ ጓንት ያደረገ ወታደር ጣቱ አልገባ እያለ ስለተቸገረ አሰፉት። እጀታው ቀጭን እንጨት ነው፤ አፈሙዙ ቀጭን፣ ጀርባው ክብ። አሜሪካዊው ሽጉጥ ሠሪ ቢል ሩገር ከጦርነቱ ከተመለሰ ማሪን ላይ ናምቡ ገዝቶ ነበር ይባላል። በ1949 ያወጣውን ባለ 22 (አፈሙዙ 0.22 ኢንች የሆነ) ሽጉጥ ያየ ሰው ዝምድናውን ለማወቅ ምስክር አያስፈልገውም።

ጥይቱ በሙሉ ስሙ 8 በ22 ሚሊሜትር ናምቡ ይባላል። 22 የቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የሚይዘው ቀፎ፣ ርዝመት ነው። ቀለሁ አንገት አለው፤ ወደ አናቱ ሲጠጋ ይጠባል፣ እንደ ጠመንጃ ጥይት። እርሳሱ፣ ማለትም ተተኩሶ የሚወጣው ጫፍ፣ 6.6 ግራም ገደማ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 290 ሜትር አካባቢ። ደካማ ጥይት ነው። ዛሬ ፖሊስ ከሚይዘው 9 ሚሊሜትር ጋር ሲነጻጸር ጉልበቱ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። የጃፓን ጦር ዓይነት 100 የሚባለውን አነስተኛ መትረየስ ሁሉ በዚሁ ጥይት ነው ያስታጠቀው። ምን አስበው እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ ይዤ ሰፈራችን አጠገብ ያለ መሣሪያ ቤት ገባሁ። ወጣቱ ሻጭ ትሁት ነው። «ስምንት ሚሊሜትር አለን!» ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። ሣጥን ይዞ ተመለሰ። ማውዘር፣ ያ የጀርመኑ። የጠመንጃ ጥይት። አንዱ ከ80 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል፤ የናምቡ ጥይት ከነእርሳሱ 32 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሽጉጤን ጎትቼ ባስረዝመው እንኳ አይገባም። ልጁ ሽጉጡን አየ፣ ጥይቱን አየ፣ ራሱን አከከ። ከኋላው የነበረ ሽማግሌ ባልደረባው ሳቀና «ወንድሜ፣ ያንተን እዚህ መደርደሪያ ላይ አታገኘውም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከትልልቆቹ የአሜሪካ ጥይት ፋብሪካዎች ሬሚንግተን አይሠራውም። ዊንቸስተር አይሠራውም። ፌዴራል አይሠራውም። ጃፓን እጅ ከሰጠች በኋላ ይህን ጥይት የሚፈልግ ጦር ብዙም አልቀረም። የቀረው እንደ እኔ ከአማቱ የተቀበለ ሰው ብቻ ነው። ለእኛ ብሎ ትልቅ ፋብሪካ ማሽን አይቀይርም።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሌላ ምክር አለ። «32 ኦቶ ይሠራል» የሚሉ አሉ፤ 32 ኦቶ ሌላ ትንሽ የሽጉጥ ጥይት ነው። ኧረ ተው! ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያለው ሰው ይለካ። የናምቡ እርሳስ ስፋቱ 0.320 ኢንች ነው። የ32 ኦቶው 0.312። ቀለሁ 17 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ አንገትም የለውም። ለናምቡ ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይንቀዋለላል። ተተኩሶ ቀለሁ ቢሰነጠቅ ጋዙ ወደ ኋላ ወደ ፊትህ ነው የሚመጣው። ማውዘሩም ብትሉ እርሳሱ 0.323 ነው፤ ትንሽ ይሰፋል። እነዚህ የኢንች ሺኛ ክፍልፋዮች ቀልድ ይመስላሉ። ብረት ግን ቀልድ አያውቅም።

አሁን ስለ ኦሪጅናሉ። በሽጉጡ የቆዳ ማህደር ውስጥ አያታችን የተዋቸው ጥቂት ጥይቶች ነበሩ። አማቴ መጀመሪያ ያሉት «ይኸው አለ አይደል፣ በእሱ ተኩስ» ነው። እምቢ አልኩ። ምክንያቴ ብዙ ነው። ከቀለሁ ቂጥ ያለችው መለኮሻ ካፕሱል ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ልትፈነዳም ላትፈነዳም፣ ዘግይታ ልትፈነዳም ትችላለች። የዚያን ዘመን ካፕሱል የሚተወው ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ ወዲያው ካልታጠበ አፈሙዙን ከውስጥ ያዝገዋል። ቀለሁም ቢሆን አንዴ ከተተኮሰ እንደገና ለመሙላት አይመችም፤ የድሮው አሠራር ካፕሱሉን በዛሬው መሣሪያ እንዳታወጣው አድርጎ ነው የተሠራው።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ኦሪጅናሉን ሰብሳቢዎች በአንድ በአንድ ይገዙታል። የጃፓን ጦር የናምቡ ቀለህ ብዙውን ጊዜ ቂጡ ላይ ምንም ጽሑፍ የለበትም፤ ባዶ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ የተሠራው ግን የሠሪው ስም ይመታበታል። ስለዚህ ቂጡን ገልብጦ ማየት ብዙ ይናገራል። የእኛዎቹ ባዶ ናቸው። ከኦኪናዋ የመጣ ጥይት ከሣር ሜዳ ጀርባ ላለ የካርቶን ዒላማ ማባከን ለእኔ ነውር ነው። አማቴ ትንሽ አጉረመረሙ። ዋጋውን ስነግራቸው ዝም አሉ።

የመሣሪያ ባዛርም ሄጃለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የማይገኝ ነገር የለም። የጀርመን ቆብ፣ የሩሲያ ሳንጃ፣ የደረቀ የበሬ ሥጋ። አንዱ ሰውዬ ጥይቱን በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ፣ በእስክሪብቶ «ናምቡ» ብሎ ጽፎ ያሳየኛል። ማን ሞላው? «አንድ የማውቀው ሰው።» ባሩዱ ምንድን ነው? «ጥሩ ባሩድ ነው።» እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አለፍኩ። በቤቱ ጥይት የሚሞላ ሰው አከብራለሁ። ከእነሱ ውስጥ የሌላ ዓይነት ቀለህ ቆርጠውና ቀጥቅጠው ወደ ናምቡ የሚቀይሩ ጥበበኞች አሉ። ግን ያ ሰው የሞላውን ራሱ ሽጉጥ ውስጥ ይክተተው። ስሙን የማላውቀው ሰው የመዘነውን ባሩድ ፊቴ ሥር አላፈነዳም።

እዚያው ባዛር ላይ ከአንድ አዋቂ ሰብሳቢ የሰማሁት ግን ጠቅሞኛል። ሚድዌይ የሚባለው፣ ዛሬ ለተኳሽና ለአዳኝ የማይሸጠው ነገር የሌለ ድርጅት፣ ትንሽ ሱቅ በነበረበት ጊዜ 8 ሚሊሜትር ናምቡ እየሠራ ይሸጥ ነበር። የሚድዌይ ስም ያለበት ቀለህ አሁንም ብቅ ይላል። በዚያ ዘመን ቁም ሣጥን ውስጥ የተኛ ናምቡ ያለው አሜሪካዊ ብዙ ነበር። ማሪኖቹ ራሳቸው በሕይወት ነበሩ።

ዛሬ ሥራውን የያዙት ትንንሾቹ ናቸው። ሁለት ስም ልስጣችሁ። አይዳሆ ያለው ባፋሎ አርምስ እንዲህ ያለ የተረሳ ጥይትና ቀለህ ላይ የተካነ ነው። ሌላው ስታይነል ነው። እሱ ደግሞ እዚሁ ኦሃዮ፣ ትዊንስበርግ ነው። ከቤቴ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ! እኔ አገር ለአገር ስዞር ጥይቱ ጎረቤት ተቀምጧል።

ሆኖም ስማቸውን ማወቅና ጥይቱን ማግኘት ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ጥይት በየቀኑ አይሠራም። ማሽኑ ለአንድ ዙር ይስተካከላል፣ የተወሰነ ይመረታል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ዓይነት ይዞራል። ያቺ ዙር ስታልቅ ገጹ ላይ «አልቋል» ይላል። ወር ይሁን ዓመት ማንም አይነግርህም። ዘዴው ኢሜይልህን ሰጥቶ ሲገባ እንዲያሳውቁህ ማድረግ ነው። መልእክቱ ሲመጣ ደግሞ አለማመንታት። እኔ ሥራ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መጣልኝ። ሳንድዊቹን አስቀምጬ ከፈልኩ።

ዋጋው? አንዷ ጥይት ከአንድ ዶላር በላይ ናት። ከተራው 9 ሚሊሜትር ብዙ እጥፍ ነው። አማቴ ደረሰኙን ሲያዩ «አባቴ ለሽጉጡ ራሱ ይህን አልከፈለም» አሉ። እውነት ነው፣ በነጻ ነው ያገኙት። የማረኩበት ፈቃድ፣ አዛዣቸው የፈረመበት ወረቀት፣ ታጥፎ ማህደሩ ውስጥ አለ። ያንን ወረቀት እንዳትጥሉ። ሽጉጡ ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ነው፤ ሰብሳቢም ለእሱ ብሎ ይጨምራል።

ሕጉን በሁለት ቃል ልንካው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ «አንቲክ» የሚባለው እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የ1943 ናምቡ፣ ምንም ያህል አሮጌ ቢመስል፣ በሕግ ዓይን ሙሉ ሽጉጥ ነው። ሃምሳ ዓመት ስላለፈው ሰብሳቢዎች በልዩ ፈቃዳቸው ሊገዙት ይችላሉ፣ ያ ግን ሌላ ነገር ነው። ፈቃድ ያለው ነጋዴ የሽጉጥ ጥይት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም። ኦሃዮ ጥይቱ እቤት ድረስ ይመጣል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ግን የራሳቸው ጥብቅ ደንብ አላቸው፤ ከመክፈላችሁ በፊት የምትኖሩበትን እዩ።

ጥይቱ ደርሶ እንኳ ወዲያው አልተኮስኩም። አማቴ እዚህ ላይ ሊያብዱ ነበር።

«ጥይት የለም አልክ። አሁን አለ። ምን ትጠብቃለህ?»

«ሞላውን።»

ዓይነት 14 ከግራና ከቀኝ ሁለት መመለሻ ሞላዎች አሉት። ከ1943 ጀምሮ እዚያው የተቀመጠ ሞላ ይደክማል። ደካማ ሞላ ያለው ሽጉጥ ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ ሄዶ በሙሉ ኃይሉ ይላተማል። ከዚያ የሚሰበረውን ዕቃ የሚሠራልህ ፋብሪካ ደግሞ የለም። የአሮጌ መሣሪያ ባለሙያ ፈልጌ አስመረመርኩት። ሞላዎቹን ቀየረ። ኦሪጅናሎቹን በትንሽ ከረጢት አድርጎ መለሰልኝ። አፈሙዙን፣ መቆለፊያ ብረቱን፣ መምቻ መርፌውን አየ።

መርፌው የናምቡ የታወቀ በሽታ ነው። ጫፉ ይሰበራል። ጃፓኖቹ ራሳቸው ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ነው የማህደሩ ውስጥ መለዋወጫ መርፌ የሚያዝባት ትንሽ ኪስ የሰፉት። የእኛ ማህደር ኪስ ውስጥ መርፌዋ አለች። አያታችን እንኳን ሊነኳት፣ ማየታቸውንም እጠራጠራለሁ። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ያለው ሰው ጥይት ከመፈለጉ በፊት መርፌ ይፈልግ ባይ ነኝ።

የተኩስ ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ነው። መሬቱ ላይ ሸራ አነጠፍኩ፤ ሽጉጡ ቀለሁን ወርውሮ ሣር ውስጥ እንዳይጥልብኝ። አዲሱ ቀለህ እንደገና ይሞላል፣ ስለዚህ እንደ ብር ሳንቲም እለቅመዋለሁ። መጀመሪያ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አስገባሁ። ከዚያ ሁለት። ይህን ባለሙያው ነው ያስጠነቀቀኝ። አሮጌ ሽጉጥ አንዳንዴ ምላጩን አንዴ ስበህ ሁለቴ ሊተኩስ ይችላል። ካዝናው ሙሉ ሆኖ እንዲያ ከሚሆንብህ ሁለት ብቻ ይዞ ቢሆን ይሻላል። የእኛው ጨዋ ነው፤ አንድ ሲሳብ አንድ ተኮሰ።

ሲተኮስ እጅ ላይ ብዙም አይረግጥም። ድምፁ ጠንካራ ነው፣ ግፊቱ ግን ለስላሳ። በአሥራ አምስት ሜትር ዒላማው ላይ ጥሩ ተሰበሰበ። የማያስደስተው ሌላው ነገር ነው። እንዳይተኮስ የሚቆልፈው የደኅንነት ዘንግ ግማሽ ክብ ይዞራል፤ በአንድ እጅ አይሆንም፣ ሌላውን እጅ ማምጣት ግድ ነው። የመጨረሻዋ ጥይት ስትወጣ ብረቱ ወደ ኋላ ተከፍቶ የሚቆመው በካዝናው ላይ ተደግፎ ነው። ስለዚህ ካዝናውን ለማውጣት ከሞላዎቹ ጋር ትግል ትገጥማለህ። ስታወጣው ደግሞ ብረቱ ተመልሶ ይዘጋል፤ አዲስ ካዝና ከተህ እንደገና ከኋላ መሳብ አለብህ። ጭቃ ውስጥ፣ እጁ ረጥቦ፣ ጠላት እየመጣበት ይህን የሚያደርገው ወታደር አሳዘነኝ። የየትኛውም ወገን ይሁን።

አማቴ ጆሮአቸውን ሸፍነው ከኋላ ቆመው ነበር። ተራቸው ሲደርስ ቀስ ብለው ያዙት። ካዝናውን ጨረሱ። «ይሄው ነው?» አሉ።

«ይሄው ነው።»

«እኔ የበለጠ ይጮሃል ብዬ ነበር።»

ከዚያ ሌላ ካዝና ጠየቁ። ከአንድ ዶላር በላይ መሆኑን አስታወስኳቸው። «አንተ ክፈል» አሉ። ሞላሁላቸው።

የቀረውን ጥይት አስቀምጬዋለሁ። ብዙ አልተኩስበትም። ዓመት በዓል ሲደርስ ጥቂት፣ ከዚያ ማጽዳትና ዘይት መቀባት። ሽጉጡን የተኩስ መለማመጃ የማድረግ ሐሳብ የለኝም። ለዚያ ርካሽ ባለ 22 አለ።

ይህን ስጽፍ አንድ ወዳጄ ስልክ ደወለ። እሱም ከአንድ ጨረታ የጃፓን ሪቮልቨር ገዝቷል። «9 ሚሊሜትር ነው፣ ተራውን 9 እከትበታለሁ» ይላል። ዓይነት 26 ነው፤ በ1893 የወጣ። ጥይቱ ባለ ጠርዝ የራሱ 9 ሚሊሜትር ነው፤ ከተራው 9 ጋርም 38 ከሚባለው የአሜሪካ ሪቮልቨር ጥይት ጋርም አንድ አይደለም። ጠርዙ ቀጭን ስለሆነ ከ38 ቀለህ ላይ ጠርዙን አቅጥነው የሚሠሩለት ሰዎች አሉ። ከበሮው ደግሞ ምላጩ ሳይሳብ በነጻ ይሽከረከራል፤ የሞላኸው ጥይት የት እንደደረሰ አታውቅም። ምንም ነገር እንዳይከትበት ነግሬዋለሁ። ካሊፐሬን ይዤ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እስከ 1898 የተሠራ መሆን አለመሆኑንም ያኔ ቁጥሩን አይተን እንከራከራለን።